የእናት ወንድም

ከጉባኤያችን ወንድሞች አንዱ በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። «ፓስተር፣ ከባለቤትዎ ጋር ጎረቤታችሁ ሲኮቹ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ለሠርግ ስትገቡ ስትወጡ ነበር አሉ። ለአማኝ ይህ ይፈቀዳል ወይ?» የጠየቀን በቅንነት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቃል መልሰን ልናልፈው አልወደድንም። ጉዳዩ የሁለታችንም ስለሆነ ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት አብረን ነው። የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

የምንኖረው በምዕራብ ለንደን፣ ሳውዝሆል ውስጥ ነው። እዚህ የባቡር ጣቢያው ስም እንኳ ከእንግሊዝኛው ጋር በፑንጃቢ ፊደል ተጽፏል። ፑንጃቢዎች ወደዚህ ሰፈር በብዛት መምጣት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከህንድ በቀጥታ የመጡ አሉ፤ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ዞረው የመጡም አሉ። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ እንግሊዞች ብዙ ሠራተኞችን ከፑንጃብ አምጥተው ነበር፤ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያውም ተከትሎ መጣ። የጎረቤታችን ባል የተወለደው ናይሮቢ ነው። ወደ ሰፈሩ በገባን ዕለት አጥር ላይ ተደግፎ በስዋሂሊ ሰላም ሲለን ግራ ገባን፤ አፍሪካዊ ሁሉ ስዋሂሊ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ግን ያደገችው በፑንጃብ፣ ጃላንዳር ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ነው። ከእኛ ሴቲቱን «ፔንጂ» ትላታለች፣ እህቴ ማለት ነው፤ ወንዱን ደግሞ «ፓጂ»፣ ወንድሜ። ሠርጉ የትልቋ ልጃቸው ነበር።

እኛ ሠርግ ስንል ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ነው የምናስበው። እነርሱ ዘንድ የሙሽራዋ ቤት ከቀኑ በፊት ለብዙ ቀናት ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ማይያን የሚሉት አለ። ሙሽራዋ አሮጌ ልብስ ለብሳ ዝቅ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። አራት ሴቶች ፑልካሪ የሚባለውን ባለ ጥልፍ ቀይ ጨርቅ በአራት ማዕዘኑ ይዘው ከራሷ በላይ ይዘረጉላታል። ከዚያ እናት፣ አክስት፣ አያት፣ የጎረቤት ሴት ተራ በተራ እየመጡ እርድ፣ የሽምብራ ዱቄትና የሰናፍጭ ዘይት የተለወሰበትን ቅባት ፊቷን፣ ክንዷንና እግሯን ይቀቧታል። ከዚህ በኋላ እስከ ሠርጉ ከቤት አትወጣም። ልጅቷ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ስልኳ በየደቂቃው ይጮህ ነበር፣ እርሷ ግን እጇ ቢጫ ሆኖ ማንሳት አልቻለችም። አያቷ ስልኩን አንስታ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥሎ ሜህንዲ ነው፣ የሂና ሌሊት። አገራችን እንሶስላ የሞቀ ሰው ሊነገረው አያስፈልግም፤ የሙሽራ እጅና እግር ቀልቶ ሲታይ የሚሰማው ደስታ አንድ ነው። ከእኛ የአንዷም መዳፍ በዚያ ሌሊት ተነቀሰ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ብዙ ዐይን አረፈበት። (ጥያቄው የተነሣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።) ሴቶቹ ዶልኪ የሚሉትን ትንሽ ከበሮ ወለል ላይ አስተኝተው ይመታሉ፣ አንዷ ከበሮውን በማንኪያ ታጅባለች። በሙሽራው ቤት የሚዘፈነው ጎሪያን ይባላል፣ የፈረሱና የጀግንነቱ ዘፈን ነው። በሙሽራዋ ቤት የሚዘፈነው ሱሃግ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ሴት ልጅ አባቷን ትለምናለች፣ ከእናት ቤት መለየትን ታለቅሳለች። እያጨበጨቡ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይሳሳቃሉ። የእኛ ሙሽራ ስትሸኝ እናቶቻችን የሚያደርጉት ትዝ አለን።

ሁሉ መልካም ነበር ብለን ልናስጌጥላችሁ ግን አንፈልግም። ህንድ ጥሎሽን በሕግ የከለከለችው በ1961 ነው፤ ነገሩ ግን ስጦታ የሚል ስም ይዞ ዛሬም አለ፣ ለሠርግ ብሎ ዕዳ ውስጥ የሚገባ አባትም ብዙ ነው። በ2001 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በፑንጃብ ግዛት ዕድሜያቸው እስከ ስድስት ዓመት ከሆኑ ልጆች ለ1000 ወንዶች 798 ሴቶች ብቻ ተገኙ። በ2011 ቁጥሩ 846 ደርሷል፣ ያም ቢሆን ጎዶሎ ነው። ሴት ልጅ በማሕፀን ሳለች እየተመረጠች ትጣል ነበር ማለት ነው። ለሙሽራዋ ሳምንት ሙሉ የሚዘፍን ምድር ለምን ልደቷን ይፈራል? ይህን ጥያቄ ያነሣችው ራሷ የሙሽራዋ እናት ናት፤ ሦስት ሴት ልጆች ወልዳ ምን እንደተባለች ነግራናለች። ጠለፋን ያየ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን እኛ ድንጋይ ልናነሣ አልቻልንም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሲኮች ጣዖት አምላኪዎች ናቸው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፣ ምስልም አያመልኩም። ግን ጌታ ኢየሱስን እኛ እንደምናውቀው አያውቁትም፣ ይህንንም ጎረቤታሞች ከሆንን ጀምሮ ደብቀናቸው አናውቅም። ከሠርጉ በፊት በጸሎት ቤታቸው ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1430 ገጹ ሁሉ ያለ ማቋረጥ ይነበባል። አንባቢዎች እየተፈራረቁ ሌሊትም ቀንም ያነባሉ፣ ወደ 48 ሰዓት ይፈጃል። የገባ ሁሉ በመጽሐፉ ፊት ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግዳል። ለእናትዬዋ ቀድመን «እንመጣለን፣ ጫማ እናወልቃለን፣ ራሳችንን እንሸፍናለን፤ ስግደት ግን ለጌታችን ብቻ ስለሆነ አንሰግድም» አልናት። «አውቃለሁ፣ ከኋላ ተቀመጡ» አለች። ከጸሎቱ በኋላ የሚታደለውን ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ የአምልኮው አካል ስለሆነ በትሕትና ሳንቀበል ቀረን። ምሳውን፣ ምስሩንና ቂጣውን ግን ከሰው ሁሉ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠን በላን። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 ላይ የማያምን ሰው ሲጋብዘን ስለሚደረገው ሲጽፍ በር አይዘጋም። ከእኛ የሚለዩ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን፤ ማንም ግን ሄደን ምን እንደሠራን ሳይሰማ ባይፈርድ ደስ ይለናል። ውስኪውንም ልጨምርላችሁ ላላችሁ፤ ነበረ፣ በብዛት። እኛ ሻይ ጠጣን፣ ያስገደደንም የለም።

ይህን ሁሉ ያልነው ግን ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ ነው።

በአማርኛ የአባት ወንድምም የእናት ወንድምም አጎት ነው። በፑንጃቢ ግን ለየቅል ናቸው፤ የእናት ወንድም ማማ ይባላል፣ ሚስቱ ማሚ። (ለእኛ ጆሮ ሁለቱም እናት እናት ይላሉ፣ ልጆቻችን ሲስቁ ነበር የከረሙት።) በሠርግ ዋዜማ ማማ ትልቅ ሰው ነው። ከእናት ወገን የሚመጡት ዘመዶች ናንኬ ይባላሉ፤ ልብሱን፣ ጌጡን፣ ጣፋጩን ተሸክመው በዘፈን ይገባሉ። ሙሽራዋ በሠርጓ የምታጠልቀውን ቹራ የሚባለውን ቀይና ነጭ አምባር በእጇ የሚያገባላት ማማ ነው። አባት ይህን ሊሠራ አይችልም። የአባት ወንድምም አይችልም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ እናትዬዋ ስታስረዳን መሬት ውስጥ ገባች። በ1956 የወጣው የህንድ የውርስ ሕግ ሲኮችንም ይመለከታል፣ ለሴት ልጅም ድርሻ ይሰጣል፤ በ2005 ሲሻሻል በቤተሰብ ርስት ከወንዱ ጋር እኩል አደረጋት። በፑንጃብ መንደሮች ግን እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ ፈርማ መተው የተለመደ ነው። በምላሹ ወንድም ዕድሜ ልኩን ባለ ዕዳ ነው፤ ልጅ ስትወልድ፣ ልጅ ስትድር፣ ተሸክሞ መምጣት አለበት። እህት መሬቱን ከጠየቀች ግን ወንድሟን የቈረጠች ያህል ይቈጠራል። እርሷ ጠየቀች። አባቷ በሞተበት ዓመት ባሏ ከሥራ ወጥቶ ነበር፣ የቤቱም ብድር ነበረባቸው። ወንድሟ ያላት አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም።

የሠርጉ ቀን ሲቈረጥ ዘመዶች መላ አመጡ፤ የአጎቷ ልጅ በማማ ቦታ ይቁም አሉ። ይደረጋል፣ ነውርም የለውም። እርሷም እሺ ብላ ነበር። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤታችን ገብታ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለን ቢላዋውን አስቀመጠችና «ፔንጂ፣ ሐሙስ ሌሊት ስትጸልዩ ድምፃችሁ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ስለ ሁሉ ትጮኻላችሁ። ስለ ወንድሜም ጩኹልኝ» አለችን። በዚያው ቆመን በጌታ በኢየሱስ ስም ጸለይን። ከዚያም የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ፣ ዘፍጥረት 32 እና 33ን፣ ነገርናት። ያዕቆብ ስጦታውን መንጋ በመንጋ ከፋፍሎ ወደ ፊት ሲልክ፣ ሌሊቱን ሲታገል፣ እያነከሰ ወደ ወንድሙ ሲሄድ። በመጨረሻ ሮጦ አንገቱን ያቀፈው ዔሳው መሆኑን ስትሰማ «የሮጠው የተበደለው ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎን አልናት። ዝም ብላ ቆየችና «እኛ ጋ የተበደለው ማን ነው?» አለች።

መልስ አልሰጠናትም። እውነቱን ለመናገር በሕግ ዐይን የተበደለችው እርሷ ናት፣ ድርሻዋ ነውና። በመንደሩ ዐይን ደግሞ ወንድሟ ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናትም ለዓመታት የሚቆየው ጠብ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ሁለቱም የተበደሉበት፣ ሁለቱም ማስረጃ ያላቸው፣ ሁለቱም ሌላው ይቅርታ እስኪጠይቅ የሚጠብቁበት። ጌታችን በማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ሲል መነሻ ያደረገው ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ማስታወስህን ነው። ማን ትክክል እንደሆነ መጀመሪያ ይጣራ አላለም። በዳዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅም መሄድ ይቻላል።

ወጉ ደግሞ መንገድ አበጅቶላት ነበር። ልጇን የምትድር እናት ጣፋጭ ይዛ ወደ ተወለደችበት ቤት ሄዳ ናንኬዎቹን በአፏ መጥራት አለባት። በስልክ፣ በካርድ አይሆንም። ወግ ልብ አይለውጥም፣ ይህን እኛ ወንጌላውያን ደጋግመን እንሰብካለን፣ ልክም ነን። ግን በር ያስንኳኳል። ልብ ሳይዘጋጅ እግር የሚሄድበት ምክንያት ይሰጣል። የእኛን ሠርግ ስናይ ይህ ያሳዝነናል። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ ኬክ አለን፤ ሽማግሌው ግን ከጠያቂነት ወደ እንግድነት ወርዷል። ሁለት የማይነጋገሩ ወንድማማቾች በአንድ አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ሲበሉ አይተናል፤ አጋቢውም እኛው ነበርን። ከጎረቤታችን ሠርግ ወዲህ ለጋብቻ ትምህርት የሚመጡ እጮኞችን ስለ ገንዘብና ስለ ልጅ ከመጠየቃችን በፊት «በሠርጋችሁ ቀን ሊገኝ ሲገባው የማይመጣ ዘመድ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ዝም የማይል ጥንድ ጥቂት ነው። ራእይ 19 የበጉን ሠርግ ሲያወራ ሙሽራይቱ መዘጋጀቷን ይናገራል፣ የለበሰችውም በፍታ የቅዱሳን የጽድቅ ሥራ ነው ይለናል። የጽድቅ ሥራ ሲባል ብዙዎቻችን ጾምና ጸሎት እንቈጥራለን፤ ወደ ወንድም ቤት የሚሄድ እግርም ከዚያ በፍታ ክር ነው ብለን እናምናለን።

ሄደች። ወደ አምሪትሳር በረረች፣ ከዚያ በመኪና ወደ መንደሯ። በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ናት፤ ወንድምዬው እርሻ ላይ ነበር። ሲመሽ ገባ። ስለ መሬቱ ሁለቱም አንዲት ቃል አልተናገሩም። የጣፋጩን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የልጇን የሠርግ ቀን ነገረችው። ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፣ ስለ ላም አወራ፣ ስለ ውኃ ጉድጓዱ አወራ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከሳጥኑ አንድ ላዱ አንሥቶ በላ። እኛ ዘንድ ስልክ የመጣው በእኩለ ሌሊት ነው። «ላዱውን በላ» አለችን። ከዚህ ሌላ ያለችው ነገር የለም።

ከዚያ ቪዛው። ወገኖች፣ ስለ ቪዛ ጸሎት እኛ ሐበሾች ልምዱ አለን፤ ሁለት ሐሙስ ጸለይንበት። ሠርጉ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው መጣ።

ናንኬዎቹ የገቡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከህንድ ሦስት ሰዎች፣ ከበርሚንግሃም ሁለት መኪና ሙሉ። ደጃፍ ላይ የአባት ወገን ሴቶች በዘፈን ይሰድቧቸዋል፣ እነርሱም ይመልሳሉ፤ ስድቡ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ እየሳቁ ነው የሚገቡት። በሌሊቱ ጃጎ ሆነ። ጃጎ ማለት ንቁ፣ ተነሡ ማለት ነው። ማሚ ዙሪያውን መብራት የተደረደረበት የናስ እንስራ በራሷ ተሸክማ ከፊት ትሄዳለች፤ በአገራቸው መብራቱ ከስንዴ ሊጥ ተሠርቶ የሰናፍጭ ዘይት ይሞላበታል፣ ሳውዝሆል ውስጥ ግን እሳት እንዳይነሣ በባትሪ ነው። ሌላዋ ቃጭል ያለበት ረጅም በትር መሬት እየመታች ትከተላለች። እንዲህ እያሉ መንደሩን በሌሊት ይቀሰቅሳሉ፤ ሠርግ አለ፣ አትተኙ። እናትዬዋ ልጅ ሳለች በመንደሯ የየቤቱ ሰው እየወጣ መብራቱ እንዳይጠፋ ዘይት ይጨምር እንደነበር ነገረችን። ማቴዎስ 25ን ስንት ጊዜ ሰብከናል! መብራት፣ ዘይት፣ እኩለ ሌሊት፣ ሙሽራ። ግን መንገዳችን ላይ፣ በቆሻሻ መጣያዎቹ መካከል፣ በእንስራው ብርሃን ፊታቸው የሚያበራ ሴቶችን እስክናይ ድረስ ምሳሌው የደስታ ምሳሌ መሆኑን እንዲህ አልተሰማንም ነበር። ሞኞቹ ደናግል ያመለጣቸው ይህ ነበር።

ለሙሽራዋ ቤተሰብ ስለ ክርስቶስ ምን አልናቸው የምትሉ ይኖራችኋል። ዕብራውያን 2 ጌታ ወንድሞች ብሎ ሊጠራን እንደማያፍር ይነግረናል፤ በዚያ ሌሊት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ለእናትዬዋ ይህን ነገርናት። የመጣው ወንድም፣ ሳይጠራ የመጣ፣ ባለ ርስት ሆኖ ርስቱን ያካፈለ። በጥሞና ሰማች። ከፑንጃብ ሲክ ቤተሰብ በ1889 ተወልዶ ለጌታ የኖረውን ሳዱ ሰንደር ሲንግን ስናነሣላት ስሙን ታውቀዋለች፤ መንደሩ ከመንደሯ ሩቅ አይደለም። ከዚያ በላይ አልሄድንም፣ እንግዳ ይጠራት ነበርና። ንግግሩ አላለቀም፣ ግድግዳችን አንድ ነው።

እሑድ በማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ለቹራ ተጠራን። አምባሮቹ ውኃ በተቀላቀለበት ወተት ውስጥ ተነክረው አድረዋል። ድሮ ከዝሆን ጥርስ ነበር የሚሠሩት፣ አሁን ፕላስቲክ ናቸው። ሙሽራዋ እስኪያልቅ ድረስ ማየት ስለሌለባት ዐይኗን በሻርፕ ሸፈኗት። ማማ ፊት ለፊቷ በርከክ አለ። መሬት የሚያርስ ሰው ነው፣ ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ አምባሩ ጠባብ ነው፣ የእጅ አጥንት ላይ ይይዛል። አንድ በአንድ፣ ከወተቱ እያወጣ፣ መዳፏን ጨምቆ ያገባል። እህቱ ከኋላው ቆማ የወተቱን ሳህን ይዛለች። የመሬቱ ነገር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም፣ ስንጽፍላችሁም ወረቀቱ ሳይፈረም እንዳለ ነው። አራተኛው ወይም አምስተኛው አምባር ላይ እጁ ቆመ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙሽራዋ አታይም፤ የምታውቀው ጣቶቿን የያዘው እጅ መንቀጥቀጡን ብቻ ነው።

«ማማ ጂ» አለችው፣ «ወተቱ በጣም ቀዝቅዞ ነው እንዴ?»